ለሯጭ ወገብ ሕመም የቻይና መርፌ፣ ማሸትና ዋግምት፦ ለአንድ አሠልጣኝ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። «በአንድ ክለብ የረጅም ርቀት አሠልጣኝ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሯጭ አለችኝ። ከአምስት ሳምንት ወዲህ ከወገቧ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ያማታል። ስትሮጥ ይብስባታል፤ ስታርፍ ይተዋታል። የክለባችን ወጌሻ ከቡድን ጋር ቻይና በሄደበት ጊዜ የዚያ አገር ባለሙያዎች ስፖርተኞችን በመርፌ፣ በማሸትና በዋግምት ሲያክሙ ስላየ እኛም እንሞክረው ይላል፤ እዚህ አዲስ አበባም የሚሠራ ሰው አግኝቷል። ልጅቱ ደግሞ የዶፒንግ ምርመራ ስለሚያሰጋት መድኃኒት መውሰድ አትፈልግም። ይህ ሕክምና በእርግጥ ይሠራል ወይ? ከሦስቱ የትኛው ይሻላታል? ሕመሙ ቢተዋትስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለባትን ውድድር መሮጥ ትችላለች?»

ውድ አሠልጣኝ፣ ሦስት ነገር ጠይቀውኛል፤ ሦስቱንም እመልሳለሁ። ነገር ግን ያልጠየቁኝን አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ የልጅቱ ጉዳት ምንድን ነው? በደብዳቤዎ ውስጥ የሕመሙ ቦታ አለ፣ የሕክምናው ዓይነት አለ፣ የውድድሩ ቀን አለ፤ የጉዳቱ ስም ግን የለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ መርፌውንና የቻይናውን ማሸት ሲቹዋን በተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ተምሬ እሠራበታለሁ፤ እወደዋለሁም። ስለዚህ የምነግርዎት ሁሉ ሕክምናውን ከሚያቃልል ሰው የመጣ አይደለም። ዳሩ ግን ምን እንደተጎዳ ሳይታወቅ የሚደረግ ማስታገሻ፣ መርፌም ይሁን እጅ፣ ሯጭን ከባሰ ጉዳት ላይ ሊጥል እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ወጌሻችሁ ያየው ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርዎ፤ ምክንያቱም ወጌሻ የሚለው ቃል ለዚህ ነገር ከማንኛውም የውጭ ቃል ይልቅ ይቀርበዋል። በቻይና የስፖርት ሕክምና ውስጥ ትልቅ ስም ያለው የቼንግዱ ስፖርት ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ መሥራቹ ጄንግ ኋይሺያን የማርሻል አርት መምህርና አጥንት ጠጋኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊኑ ኦሊምፒክ የቻይናን ማርሻል አርት ለሕዝብ ካሳየው ቡድን ጋር ተጉዘዋል። በማርሻል አርት መንደር መምህሩና ጠጋኙ አንድ ሰው ነው፤ ያስተማረውን ተማሪ ሲወልቅ የሚመልሰው፣ ሲወለምም የሚያሸው እሱ ራሱ ነው። በኋላ ይህ የእጅ ዕውቀት ከኤክስሬይና ከአናቶሚ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ። እኛ አገር ወጌሻው ከሰፈር ወደ ኳስ ሜዳ ሲገባ የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እነሱ ወጌሻውንና ሐኪሙን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጣቸው ነው። ወጌሻችሁ እዚያ ያየው መርፌ ሲወጋ ነው፤ መርፌው ከመወጋቱ በፊት በሌላ ክፍል የተነሣውን ፎቶ ግን ምናልባት አላየውም።

የልጅቱ የዶፒንግ ስጋት ተገቢ ነው፤ ስጋቱ ያረፈበት ቦታ ግን ትንሽ መስተካከል አለበት። እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉት የተለመዱ ማስታገሻዎች በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የሉም። ትራማዶል ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ለወገብ ሕመም አንዳንድ ጊዜ የሚወጋው ኮርቲዞንም፣ በየትኛውም የሰውነት ክፍል ቢወጋ፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። መርፌው፣ ማሸቱና ዋግምቱ በራሳቸው ምንም ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት ስለማያስገቡ በዚህ ረገድ ንጹሕ ናቸው። አደጋው አብሮ የሚሰጠው ነገር ነው። በቻይና ልማድ መርፌና ቅጠላ ቅጠል ብዙ ጊዜ ተለያይተው አይሄዱም፤ ታካሚው ተወግቶ ሲወጣ የሚፈላ ቅጠል በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ማ ኋንግ የተባለው ተክል፣ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በውድድር ጊዜ የተከለከለው ኤፌድሪን አለበት። ፉ ዚ ተብሎ ለብርድና ለወገብ ሕመም የሚታዘዘው ሥር ደግሞ ሃይጀናሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል፤ ይህም በውድድር ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሕክምናውን ብትሞክር እንኳ የሚፈላ፣ የሚዋጥ ወይም «የቅጠል ብቻ ነው» የተባለ ነገር ሁሉ በትሕትና ይመለስ። ይህን ለወጌሻው፣ ለልጅቱም፣ ለሚያክማት ሰውም በግልጽ ይንገሩልኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ከመርፌው እጀምራለሁ። ለወገብ የምንጠቀምበት መርፌ ውፍረቱ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው፤ መድኃኒት ከሚወጋበት መርፌ እጅግ ይቀጥናል፣ ውስጡም ክፍት አይደለም። ታካሚዋ በሆዷ ትተኛለች። በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ትይዩ፣ ከመካከለኛው መስመር በሁለቱም ጎን በራሷ አውራ ጣት ስፋት አንድ ተኩል ያህል ርቆ፣ ሼንሹ የሚባለው ነጥብ ይገኛል፤ ሁለት አከርካሪ ዝቅ ሲል ዳቻንግሹ የሚባለው አለ። ከዚያ ሰዎችን ሁልጊዜ የሚያስገርመው ይመጣል፤ የሚያማት ወገቧን ሆኖ ሳለ ከጉልበቷ ጀርባ፣ እግር ሲታጠፍ በሚሠራው መስመር መካከል ላይ ትወጋለች። ይህ ዌይጆንግ የተባለው ነጥብ ሲሆን፣ በቻይና ተማሪዎች በቃል ከሚይዟቸው የመጀመሪያ ደንቦች አንዱ የወገብና የጀርባ ሕመምን ከዚያ መጀመር ነው። መርፌው ቆዳን አልፎ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ባለሙያው በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ያሽከረክረዋል። ሁለቱም የሚጠብቁት ስሜት አለ፤ የሚወጋ ሕመም ሳይሆን መክበድ፣ መደንዘዝ፣ እንደ ድካም ያለ ቁርጥማት ነው። በዚያች ቅጽበት ጡንቻው መርፌውን ጨብጦ ሲይዘው ጣቴ ላይ ይሰማኛል፤ ዓሣ መንጠቆውን ሲነካ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ መርፌዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባሉበት ይቆያሉ።

ይሠራል ወይ? ጥያቄው በትልልቅ ጥናቶች ተፈትኗል፤ መልሱም ደጋፊዎቹም ተቃዋሚዎቹም እንደሚሉት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጀርመን ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1,162 ሰዎች በሦስት ከፈለ። አንዱ ክፍል በትክክለኛው ነጥብ ተወጋ፤ ሁለተኛው ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን ተወጋ፤ ሦስተኛው መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና የአካል እንቅስቃሴን ያጣመረውን የተለመደ ሕክምና አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ በበቂ የተሻላቸው በመጀመሪያው ክፍል 47.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 44.2 በመቶ፣ በሦስተኛው 27.4 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በ638 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለአንዱ ክፍል መርፌ ሳይሆን የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በቀጭን ቱቦ ውስጥ አድርጎ ቆዳውን ብቻ እየነካ አከመ። ከስምንት ሳምንት በኋላ የእውነተኛው መርፌም የእንጨቱም ታካሚዎች 60 በመቶ ያህሉ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው ተሻሻለ፤ በተለመደው ሕክምና ብቻ የቆዩት ግን 39 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች እኔ የማነባቸው እንደሚከተለው ነው። መርፌ የተወጋ ሰው ካልተወጋው የተሻለ ዕድል አለው፤ ይህ እውነት ነው፣ ሊናቅም አይገባም። ነጥቡ በትክክል እዚህ ወይም እዚያ መሆኑ ግን መምህሮቼ ያስተማሩኝን ያህል ለውጥ አያመጣም። ከጥቅሙ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ቆዳና ጡንቻ ከመነካታቸው፣ ሰው ተኝቶ ከማረፉ፣ ከሚጠብቀው ተስፋና ከአካሚው ትኩረት ይመስለኛል። ይህን ስጽፍ ለተማርኩት ሙያ ታማኝነቴን እያጓደልኩ እንዳልሆነ አምናለሁ። መርፌው ሰውነት የራሱን ሕመም ማስታገሻ እንዲያመነጭ እንደሚያደርግ ካሳዩት መካከል ደግሞ የቻይና ሳይንቲስቶች ራሳቸው ይገኛሉ፤ ቤጂንግ ውስጥ ሃን ጂሼንግ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምረው ባካሄዱት ምርምር፣ በመርፌው ላይ የሚላክ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው የኤሌክትሪክ ንዝረት አንድ ዓይነት፣ ከፍተኛው ደግሞ ሌላ ዓይነት የተፈጥሮ ማስታገሻ ከነርቭ ሥርዓት እንደሚያስወጣ ታይቷል።

ባለሥልጣናቱም በዚህ ጉዳይ ተለያይተዋል። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2009 መርፌውን ለወገብ ሕመም ፈቅዶ በ2016 አይሰጥ ብሏል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ በ2017 ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል አስገብቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዲሴምበር 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ውስጥ አካቶታል። ነገር ግን አሠልጣኝ፣ እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የተደረጉት በማን ላይ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ለዓመታት ወገቡን በታመመ መደበኛ ሰው ላይ ነው። በሳምንት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በምትሮጥና ሕመሟ አምስት ሳምንት በሆናት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ሕመሙ ቢታገስለት ተነሥቶ ይንቀሳቀሳል፤ መንቀሳቀሱም ያድነዋል። የእርስዎ ልጅ ሕመሟ ቢታገስላት በማግሥቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ትሮጣለች።

የደኅንነቱን ጉዳይ ሳልናገር አላልፍም። ጀርመን ውስጥ ወደ 229 ሺህ በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ በተደረገ ክትትል 8.6 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የጎንዮሽ ችግር አጋጥሟቸዋል፤ አብዛኛው መጠነኛ መድማት፣ መበለዝና ሕመም ሲሆን፣ በሁለት ሰዎች ላይ ግን ሳንባ ተበስቶ አየር ደረት ውስጥ ገብቷል። ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ሯጭ በባሕርይዋ ቀጭን ናት። በጎድን አጥንቶች አካባቢ ከቆዳዋ እስከ ሳንባዋ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ወፍራም ሰው ላይ እጁን ያስለመደ ባለሙያ ሊሳሳት ይችላል፤ ሼንሹም ከኩላሊት በላይ ያለ ነጥብ ስለሆነ ጥልቀቱ ይለካል። አዲስ አበባ ያገኛችሁት ሰው የት እንደተማረ፣ ፈቃድ እንዳለውና መርፌው በእናንተ ፊት ከታሸገ ጥቅል ወጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶበት እንደሚጣል ያረጋግጡ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ማሸቱ፣ በቻይንኛ ትዊና የሚባለው፣ ለስፖርተኛ ጡንቻ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምሠራበት ነው። በእኛ አገር መታሸት ሲባል ቅባት ተቀብቶ በአውራ ጣት እስከሚያስጮህ ድረስ መጫን የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ልጆቹም ካልጮኹ የታሹ አይመስላቸውም። ትዊና እንደዚያ አይደለም። መሠረታዊው እንቅስቃሴ ማንከባለል ነው፤ የእጅ ጀርባ በትንሿ ጣት በኩል ወገቡ ላይ ያርፍና አንጓው ወደፊትና ወደኋላ እየተጣጠፈ፣ እጁ ከቆዳው ሳይነሣና ሳይፋተግ፣ እንደ ትንሽ በርሜል ይንከባለላል። በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ ነው፤ ግን ኃይል የለበትም፤ ክብደቱ ከትከሻ ይወርዳል። ስንማር ታካሚ ከመንካታችን በፊት በሩዝና በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ለሳምንታት ተለማምደናል፤ አንጓዬ ያብጥ ነበር። በትክክል ሲሠራ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ገመድ መስለው የተወጠሩት ጡንቻዎች ከአምስትና ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከእጅ ሥር ሲላሉ ይታወቃል፤ ታካሚውም ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ነው የክርን ጫና፣ የጣት ጫናና መቆንጠጥ የሚከተሉት።

በትዊና ውስጥ ግን አንድ የማስጠነቅቅዎት ነገር አለ። በመጨረሻ ታካሚው በጎኑ ይተኛና ትከሻው ወደ አንድ ወገን፣ ዳሌው ወደ ሌላ ወገን ተይዞ በድንገት ይጠመዘዛል፤ ብዙ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ለተቆለፈ መገጣጠሚያ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ ግን መሰንጠቁን ሊያባብሰው የሚችል እንቅስቃሴ ነው። ልጅቱ ፎቶ እስክትነሣ ድረስ ይህን ማንም እንዳያደርግባት፤ የክለባችሁ ወጌሻም ቢሆን። በድንገት የተቀደደ ጡንቻም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በጥልቀት አይታሽም፤ ውስጥ ለውስጥ የሚደማውን ያበዛዋልና።

ስለ ዋግምቱ ባጭሩ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ወይን ጠጅ ምልክት ይዞ ከታየ በኋላ ዓለም ሁሉ አዲስ ነገር ያገኘ መሰለው። አያቶቻችን በቀንድ ያውቁት ነበር፤ ልዩነቱ የእኛ ዋግምት ብዙውን ጊዜ ቆዳን በምላጭ በጥቶ ደም የሚስብ ሲሆን፣ ለስፖርተኞች የሚደረገው የቻይናው በአመዛኙ ሳይበጣ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ኩባያ ቆዳውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ መሆኑ ነው። የጠቆረው ክብ ከቆዳ ሥር ከተበጠሱ ደቃቅ ሥሮች የፈሰሰ ደም ነው፤ «የወጣ መርዝ» ወይም «የወጣ ብርድ» አይደለም፤ መልኩም የበሽታውን ክፋት አይናገርም። ለጊዜው የመላላት ስሜት ይሰጣል፤ ማስረጃው ግን ከመርፌውም ይደክማል። ከፈለገች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ፣ ቆዳዋ ሳይበጣ ታድርገው። በምላጭ የሚበጣውን ግን በፍጹም አልመክርም፤ በሽታ የሚተላለፍበት መንገድ ስለሆነ፣ የረጅም ርቀት ሯጭም ያለ ምክንያት የምታፈሰው ደም የላትምና። ሞክሳ የሚባለው፣ ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን የሆነ ቅጠል ደርቆ እንደ ጥቅል ሲጋራ ተለኩሶ ወገብን ከሩቅ የሚያሞቅበት ዘዴ፣ ደስ የሚል ሙቀት ይሰጣል፤ ቆዳ እንዳያቃጥል እንጂ ክፋት የለውም። በሙቅ ውኃ የተሞላ ላስቲክም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ወጌሻችሁ ቻይና ውስጥ ያላስተዋለው፣ ለእኔ ግን ከሦስቱም የሚበልጥ አራተኛ ሕክምና አለ፤ እንቅስቃሴ ነው። የቲያንጂን አጥንት ሐኪሞች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የባህሉን ጥገናና ዘመናዊውን ሕክምና ሲያዋህዱ ካወጧቸው መርሆች አንዱ ዕረፍትና እንቅስቃሴ አይለያዩ የሚል ነበር። ባዱዋንጂን የሚባለው ስምንት ክፍል ያለው ዝግተኛ እንቅስቃሴና ታይቺ ከዚሁ ቤት ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በ160 የወገብ ታማሚዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በአሥር ሳምንት 18 ጊዜ ታይቺ የሠሩት ሰዎች ሕመማቸው ከ10 በሚለካ መስፈርት ካልሠሩት ይልቅ በ1.3 ነጥብ ቀንሷል። ለሯጭ ታይቺ ብቻውን አይበቃም፤ ግን በእግሯ መሬት ላይ ተረጋግታ ቆማ ዳሌዋን ቀስ ብላ ስታዞርና ክብደቷን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ስታሻግር የትኛው ወገን እንደሚፈራ ራሷ ታገኘዋለች። ሕመም ስትፈራ ወገቧን ሳታውቀው እንደ ጣውላ ያደረቀች ሯጭ ብዙ ጊዜ በዚህ ትፈታለች።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። የጻፉልኝ ሁሉ ስትሬስ ፍራክቸር የምንለውን፣ በአንድ አደጋ ሳይሆን በተደጋጋሚ ጫና ቀስ በቀስ የሚመጣውን የአጥንት መሰንጠቅ እንድጠረጥር ያደርገኛል። በአንድ ወገን መሆኑ፣ ስትሮጥ መባሱ፣ ስታርፍ መተዉ፣ አምስት ሳምንት መቆየቱና ዕድሜዋ አንድ ላይ ሲመጡ ጡንቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም። በሯጮች ላይ ይህ ከወገብ አከርካሪ ሥር፣ በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ላይ ይመጣል፤ በወጣት ስፖርተኞች ደግሞ የአከርካሪ አጥንት የኋላ ቀለበት ከሚቀጥንበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ይሰነጠቃል። ጡንቻም፣ ዲስክም፣ መገጣጠሚያም ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ከማሟሟቅ በፊት በቀኝ እግሯ ብቻ አቁመው ቀስ ብላ ወደ ኋላ እንድትንጋለል፣ ከዚያም በዚያው እግር አንድ ጊዜ ብቻ በዝግታ እንድትዘል ይጠይቋት። ያቺኑ ቦታ ጣት እንደሚነካት ያህል ለይታ ካመለከተችና ፊቷ ከተቋጠረ ልምምዱ ይቁም። ይህ ፈተና አይወስንም፤ ባያማትም ነጻ ናት ማለት አይደለም። የሚወስነው ኤምአርአይ ነው፤ ተራው ኤክስሬይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣልና በእሱ ብቻ አይጽናኑ።

ሌላም የሚጠየቅ አለ፤ በሴት ባለሙያ ወይም በምታምናት ሰው በኩል ቢሆን ይሻላል። የወር አበባዋ ይመጣል ወይ? ቀርቷል ወይም ተዛብቷል ከተባለ፣ ሰውነቷ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ እያገኘ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ አጥንቷም ከዚያው እየከፈለ ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ጠዋትም ማታም የሚለማመዱ ልጆች አሉን። እምነቷን የሚነካ ቃል አልናገርም፤ ነገር ግን በሕመም ጊዜ ስለሚደረገው ከነፍስ አባቷ ጋር እንድትነጋገር፣ ስለ ምግቡም ባለሙያ እንዲያያት ይሁን። ይህ ካልታረመ በዓለም ላይ ያለ መርፌ ሁሉ ቢወጋት አጥንቷ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። እንዲሁም ሌሊት ሌሊት የሚያላብ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም ተኝታም የማይተዋት ሕመም ካለ፣ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢና ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ይታሰባሉ። እግሯ ከዛለ፣ በመቀመጫዋና በጭኖቿ መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንቷ አልወጣ ካላት፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ስለዚህ እኔ ብሆን የማደርገው የሚከተለውን ነው። ሩጫው ዛሬ ይቆማል። ኤምአርአይው በዚህ ሳምንት ይነሣል፤ እስኪወጣ ድረስ ሕመም የማያስከትል ከሆነ በውኃ ውስጥ መሮጥ ወይም ብስክሌት ትችላለች፤ ልቧና ሳንባዋ አይረሱም። ውጤቱ አጥንቱ ደኅና ነው፣ ችግሩ ጡንቻ ወይም መገጣጠሚያ ነው ካለ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትዊና፣ ፈቃደኛ ከሆነች አብሮ መርፌ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት እንድትሞክር እስማማለሁ፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ግን ወገብንና ዳሌን የሚያጠነክር ልምምድ ይከተለው፤ በስድስተኛው ቀጠሮ ለውጥ ካልታየ ይቁም። ወጌሻችሁ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው፤ እጁን አይናቁ፣ የኤምአርአይውን ንባብም እሱ ባለበት ያስነብቡለት። ውጤቱ አጥንቱ ተሰንጥቋል ካለ ግን መርፌው ለሕመሟና ለእንቅልፏ ሊረዳት ይችላል፤ አጥንቱን የሚጠግነው ግን ከጫና መራቅ፣ በቂ ምግብና ጊዜ ነው፤ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄዎ፣ ሕመሙ ቢተዋት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትሮጥ ወይ የሚለው ነበር። አትሮጥ። ምክንያቱን ከአንዲት ልጅ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ልክ እንደ እርስዎ ልጅ በአንድ ወገን የሚያማት ሯጭ መጣችልኝ፤ እኔም ጡንቻ ነው ብዬ አራት ጊዜ ወጋኋት፣ አሸኋት። ሕመሟ ቀለላት፤ አመስግናኝም ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት በልምምድ ላይ እያለች ከመስመር ወጥታ ተቀመጠች፤ መነሣት አቅቷት ተሸክመው አመጧት። ፎቶ ስትነሣ ስንጥቁ አዲስ አልነበረም፤ እኔ ስወጋት በነበረበት ጊዜም እዚያው ነበር፤ መርፌዬ ያደረገው ነገር ቢኖር እንዳይሰማት ማድረግ ነው። ያ የውድድር ዘመን እንዳለ አለፋት። ከዚያ ወዲህ ሯጭ በአንድ ጣት የምታመለክተው የወገብ ሕመም ይዛ ስትመጣ መርፌዬን ከማውጣቴ በፊት ፎቶውን እጠይቃለሁ፤ እርስዎም ለልጅቱ የምለምንዎት ይህንኑ ነው። የኤምአርአይው ንባብ ሲደርስዎ ከልምምድ መዝገቧ ጋር ይላኩልኝ፤ የመመለሻ ዕቅዱን ሳምንት በሳምንት አብረን እናወጣለን።